‹በሙሉ ድምፅ ጸደቀ› ከሚለው ዜና በፊት ያለውንም አትሙልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምታወጡት ዜና አንድ መልክ አለው። «ምክር ቤቱ ዛሬ ባካሄደው መደበኛ ስብሰባ ረቂቅ አዋጁን መርምሮ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ» ይላል፤ ሁለት ወይም ሦስት አባላት የተናገሩት ይጨመርበታል፤ በዚያው ያበቃል። ዜናው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ደብረ ብርሃን፣ ዓለም ከተማ ወይም መሐል ሜዳ ላይ ሆኖ ለሚያነበው ሰው የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሕግ ከወጣ በኋላ የሚሰማው ቅሬታ ብዙ፣ ከመውጣቱ በፊት የሚጻፈው አስተያየት ጥቂት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እየተባለ የሚወቀሰው ሰው፣ ጅቡ በየት በኩልና መቼ እንደሚመጣ የነገረው የለም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የጸደቀውን እንደምትዘግቡ ሁሉ ገና ለቋሚ ኮሚቴ የተመራውንም ከነቀኑና ከነቦታው አትሙልን። ምክንያቴን ለማስረዳት አንድ ረቂቅ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ይሻላል።

አብዛኛው ረቂቅ አዋጅ የሚነሣው ከአስፈጻሚው ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ያዘጋጀዋል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያየዋል፣ ከዚያም መግለጫ ይወጣል። ይህን መግለጫ አስተውሎ የሚያነብ ሰው ብዙ ያተርፋል። «ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲመራ ተወስኗል» ካለ አዋጅ ነው፤ ገና ክርክር ይጠብቀዋል። «በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከሚወጣበት ቀን ጀምሮ በሥራ ላይ እንዲውል ተወስኗል» ካለ ግን ደንብ ነው፤ ወደ አራት ኪሎው አዳራሽ አይመጣም፣ እዚያው አልቋል። ሁለቱን «አዲስ ሕግ ጸደቀ» በሚል አንድ ርዕስ ማውጣት አንባቢን ያሳስታል። አስተያየት ሊሰጥበት የሚችለውን ያለፈ ነገር መስሎት ይተወዋል፤ ያለፈውን ደግሞ ገና ነው ብሎ ይጠብቃል።

ምክር ቤቱ በመደበኛነት የሚሰበሰበው ማክሰኞና ሐሙስ ነው፤ ቀሪዎቹ የሥራ ቀናት በአብዛኛው የቋሚ ኮሚቴዎች ናቸው። በስብሰባው ቀን አፈ ጉባኤው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ይገልጻሉ፣ የቀኑ አጀንዳ ይቀርባል፣ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ረቂቅ ካለ የመንግሥት ተጠሪው ወይም ረዳት ተጠሪው አስፈላጊነቱን ያብራራሉ፣ አባላት በጥቅሉ ይናገሩበታል፣ ከዚያም ለዝርዝር እይታ ለአንድ ቋሚ ኮሚቴ በዋናነት፣ እንደ ጉዳዩም ለሌላ ኮሚቴ በተባባሪነት ይመራል። ለጋዜጠኛ የሚስብ ነገር የለበትም፤ ክርክሩ አልጋለም፣ ውጤቱም «ተመራ» የሚል ብቻ ነው። ለዜጋ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ቀን ይህ ነው። የረቂቁ ቃላት ሊቀየሩ የሚችሉት ከዚህ ቀን እስከ ሁለተኛው ንባብ፣ ማለትም ኮሚቴው ሪፖርቱን ይዞ ለምክር ቤቱ ድምፅ እስከሚመለስበት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነውና።

ኮሚቴው ረቂቁን ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ጠርቶ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይህ የአስረጂ መድረክ ይባላል። ቀጥሎ ባለድርሻ አካላትና ሕዝቡ የሚሳተፉበት ይፋዊ መድረክ ይጠራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ጥሪው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ መድረኩ አዲስ አበባ ነው፤ ረቂቁም በአብዛኛው ሰው እጅ አልገባም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎህ ሳይቀድ የተነሣ ሰው ጠዋት በ3 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ከግሼ ራቤል ወይም ከመርሐቤቴ የሚመጣው ግን ማደር አለበት። ለአንድ አስተያየት ሁለት ቀን ሥራ መፍታትና የመኪና ወጪ ማለት ነው። ስለዚህ አዳራሹን የሚሞሉት እዚያው ያሉ መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት ይሆናሉ፤ የገበሬው ጉዳይ በሌላ አፍ ይነገራል።

ሄዶ መናገር ያልቻለ ሰው አስተያየቱን በጽሑፍ መላክ ይችላል። ጽሑፉ ሥራ ላይ እንዲውል ግን አጻጻፉ ወሳኝ ነው። «አዋጁ ጥሩ ነው፣ ግን የገበሬው ጥቅም ይታሰብበት» የሚል ደብዳቤ ለኮሚቴው ምንም አይሠራለትም፤ በሪፖርቱ ውስጥ የሚያስገባበት ቦታ የለውም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ መጀመሪያ የአንቀጹና የንዑስ አንቀጹ ቁጥር፣ ከሥሩ በረቂቁ ያለው ቃል እንዳለ ተገልብጦ፣ ከሥሩ በምትኩ እንዲገባ የሚፈለገው ቃል፣ በመጨረሻም ምክንያቱ ከአካባቢው በተወሰደ ተጨባጭ ነገር በሦስት ወይም በአራት መስመር። ሁለት ገጽ ይበቃል። ከሦስት አንቀጽ በላይ የነካ አስተያየት ዋናው ነጥብ ይጠፋበታል። ደግሞም ልብ ይባል፤ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲታተም በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ የሚጸናው የአማርኛው ነው። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ የቃል ማሻሻያ በቀጥታ የሚነካው ገዢ የሆነውን ጽሑፍ ነው።

የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016ን ለምሳሌ እንውሰድ። ለ19 ዓመት ሲሠራበት የቆየውን አዋጅ ቁጥር 456/1997 የተካ ሕግ ነው። ለምንጃር ጤፍ አምራችና ለሞረትና ጅሩ ስንዴ አምራች ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው፣ በመሬቱ ላይ ያለውን የመጠቀም መብት ለብድር ዋስትና ስለማስያዝ የተደነገገው ነው። የመንዝ በግ አርቢ ደግሞ ቀድሞ ማየት ያለበት የትርጓሜውን አንቀጽ ነው፤ ግጦሹ «የወል ይዞታ» በሚለው ትርጉም ውስጥ መግባት አለመግባቱን የሚወስኑት እዚያ ያሉ ቃላት ናቸው። አንድ ቃል ከትርጓሜው ሲወጣ በአሥር አንቀጽ ያለ መብት አብሮ ይወጣል። ይህን ሕግ በጸደቀ ማግስት ማተም ተገቢ ነው። የሚያስፈልገው ግን ረቂቁ ኮሚቴ ጋ ሳለ፣ የትኛው አንቀጽ ስለ ዋስትና፣ የትኛው ስለ ኪራይ፣ የትኛው ስለ ወል መሬት እንደሚናገር የሚጠቁም ሩብ ገጽ ነበር። የፌዴራሉ አዋጅ ማዕቀፍ ነው፤ ዝርዝሩን የሚያወጣው የክልሉ ምክር ቤት ነውና ክትትሉ ባሕር ዳር ላይም መቀጠል አለበት። ዞናችን ሰሜን ሸዋ የራሱ ምክር ቤት የለውም፤ በወረዳው ምክር ቤትና በክልሉ ምክር ቤት መካከል ድምፅ የሚሰማበት ሌላ ጉባኤ የለም። ለእኛ ጋዜጣ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ረቂቅ የማንበብ ልምድ የሌለው ሰው ከመግቢያው ይጀምርና አንቀጽ 5 ላይ ይደክማል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ቢባልም፣ የረቂቅ አዋጅ ሥሩ ያለው ከጅራቱ ነው። መጨረሻ ላይ አምስት ያህል አጫጭር አንቀጾች ይገኛሉ፦ ቅጣት፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ፣ የተሻሩ ሕጎች፣ ደንብና መመሪያ የማውጣት ሥልጣን፣ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። «የተሻሩ ሕጎች» የሚለው የትኛው የቀድሞ መብት እንደሚቀር ይናገራል። የመሸጋገሪያው ድንጋጌ በእጅ ያለ ውል፣ ፈቃድ ወይም በፍርድ ቤት የተጀመረ ክርክር ምን እንደሚሆን ይወስናል። ከሁሉ የሚከፋው ደንብና መመሪያ የማውጣት ሥልጣን የሚሰጠው አንቀጽ ነው፤ ረቂቁ መጠኑን፣ ክፍያውን፣ የጊዜ ገደቡን ሁሉ «በመመሪያ ይወሰናል» እያለ ካለፈ ምክር ቤቱ የሚከራከረው በባዶ ቅርፊት ላይ ነው። ፍሬው ቆይቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይጻፋል። በ2012 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 መመሪያዎችም ሳይጸድቁ በፊት ለአስተያየት ክፍት እንዲሆኑና እንዲመዘገቡ ያዝዛል። ይህንንም አንባቢ ይወቀው።

ወደ ሁለተኛው ንባብ ልምጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ያነባሉ። ሪፖርቱ የትኛው አንቀጽ እንደተሻሻለ፣ የትኛው አስተያየት እንዳልተቀበሉትና ለምን እንደሆነ የሚገኝበት ብቸኛ ቦታ ነው። የቴሌቪዥን ዜና የሚቆርጠውም ይህንኑ ነው። ከዚያ ክርክር ይደረጋል፣ አባላት እጅ በማውጣት ድምፅ ይሰጣሉ፣ አፈ ጉባኤው ድጋፍን፣ ተቃውሞንና ድምፀ ተዓቅቦን በተራ ጠይቀው ውጤቱን ይናገራሉ።

ቁጥሩ ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ይታይ። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። ሕገ መንግሥቱ ምልዓተ ጉባኤውን ከግማሽ በላይ ያደርገዋል፤ ከሙሉው መቀመጫ ብንነሣ 274 ሰው ማለት ነው። ተራ ሕግ በአብላጫ ድምፅ ስለሚያልፍ፣ ምልዓተ ጉባኤው በጠባቡ በሞላበት ቀን 138 እጅ አገር የሚገዛ ሕግ ያወጣል። «በሙሉ ድምፅ» ማለት በዚያ ቀን ከተገኙት ሁሉ ማለት እንጂ ከ547ቱ ሁሉ ማለት እንዳልሆነ ብዙ አንባቢ አያውቅም፤ ዜናውም ስንት ሰው እንደተገኘ አይነግረውም። የትግራይ 38 መቀመጫዎች በ2013ቱ ምርጫ ሳይሞሉ እንደቀሩም መዘንጋት የለበትም።

ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በሚጠየቅበት ጊዜ የቆጠራው ነገር የበለጠ ይከብዳል። የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ድምፅ ሲሰጥበት በመጀመሪያ 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተዓቅቦ ተብሎ ተነገረ። ከ547 ሁለት ሦስተኛው 365 ነው፤ በጊዜው በመቀመጫ ላይ ነበሩ የተባሉት 539 አባላት ብቻ ቢቆጠሩ እንኳን 360 ነው። 346 በሁለቱም ስሌት አይሞላም። በኋላ ድጋፉ 395 ነው ተብሎ ተስተካከለ፤ ይህ ደግሞ በሁለቱም ስሌት ይሞላል። በ49 ድምፅ የተለያየው በአንድ አዳራሽ ውስጥ በአንድ ጊዜ የወጣ እጅ ነው። በመቶዎች በሚቆጠር ሕዝብ መካከል እጅ በዓይን ሲቆጠር ሰው ይረሳል፣ ረድፍ ይዘለላል፣ ድምር ይሳሳታል፤ ማን እንዴት እንደሰጠም በስም አይታወቅም። ጋዜጣው በየረድፉ የተቆጠረውን ቢጠይቅ፣ የተገኙትን ብዛት ከሦስቱ ድምር ጋር ቢያመሳክር፣ እንዲህ ያለው ስሕተት በዚያው ቀን ይታያል። 395፣ 88 እና 7 ሲደመሩ 490 ይመጣል፤ በመጀመሪያ የተነገሩት ግን ሲደመሩ 441 ብቻ ናቸው። ይህን ማመሳከር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የአስቸኳይ ጊዜን ሥርዓት ሰሜን ሸዋ በቅርብ ያውቀዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው አዋጅ በምክር ቤቱ የጸደቀው ነሐሴ 8 ነው። ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ በእረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የመጀመሪያው ጊዜ እስከ 6 ወር ነው፣ በየ4 ወሩ ሲራዘም ሁልጊዜ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። በዚያ ወቅት በየከተማው የነበረው ጥያቄ «እስከ መቼ ነው?» የሚል ነበር፤ መልሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ተጽፎ ይገኛል።

ስለ ጥያቄና መልስ ቀንም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚከታተለው ይህንኑ ነውና። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲቀርቡ አባላት ጥያቄያቸውን ተራ በተራ ያነባሉ፣ መልሱ በኋላ በአንድነት ለረጅም ሰዓት ይሰጣል። በጥንቱ የሸዋ ሙግት፣ በበላ ልበልሃም ሆነ በተጠየቅ፣ ጠያቂው ያነሣት ነጥብ ሳትመለስለት ወደ ሌላ አይሄድም ነበር፤ ተጠያቂውም ከዚያች ነጥብ ሳይፈታ አይለቀቅም። ጥያቄዎች በአንድነት ተከማችተው ሲመለሱ አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀልጣል። «በአካባቢያችን የተቋረጠው የመንገድ ሥራ መቼ ይቀጥላል?» የሚለው ጥያቄ ስለ መሠረተ ልማት በጠቅላላው በተሰጠ ማብራሪያ ተሸፍኖ ያልፋል። ሥርዓቱን መቀየር የምክር ቤቱ ነው። ጋዜጣው ግን ጥያቄዎቹን በቁጥር ዘርዝሮ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ቀን የያዘ፣ መጠን የያዘ ወይም ተቋም የጠቀሰ መልስ ማግኘቱን ወይም አለማግኘቱን ሊያመለክት ይችላል። ተወካዩም በሚቀጥለው ጊዜ ያልተመለሰችለትን ይዞ ይነሣል።

የበጀቱ ነገር ጊዜው ራሱ ችግር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ክርክሩ ሰኔ ላይ ይወድቃል፤ ሰኔ ደግሞ ገበሬው ከሞፈርና ከማዳበሪያ ጋር የሚታገልበት ወር ነው። ለ2017 የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በዚያው ዓመት ወደ 582 ቢሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ታክሎበታል፤ ለ2018 ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ሆኗል። ጠቅላላ ድምሩ ለደብረ ብርሃን ነዋሪ ብዙም አይነግረውም። የሚነግረው ዝርዝሩ ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ አንድ የሚያሳስት ነገር አለው። በፌዴራሉ በጀት ውስጥ ሰሜን ሸዋ የሚባል መስመር የለም። የፌዴራል መንገድ ወይም ዩኒቨርሲቲ በስሙ ይገኛል፤ የወረዳ ጤና ጣቢያና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ለክልሉ በሚሰጠው ድጋፍ ውስጥ ተጠቅልሎ ሄዶ በባሕር ዳር፣ ቀጥሎም በወረዳው ይከፋፈላል። ለፌዴራል ተወካዩ የጤና ጣቢያ ጥያቄ ማቅረብ ለዚህ ነው መልስ ሳያገኝ የሚቀረው፤ ጥያቄው የቀረበው ለተሳሳተው ምክር ቤት ነው። የትኛው ጉዳይ ለየትኛው ጉባኤ እንደሚቀርብ በሰኔ መጀመሪያ በአንድ አምድ ቢወጣ ስንት ድካም በቀረ።

ከጸደቀ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ሕጉ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመ ያለፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል፤ አዋጁ ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር የሚጸናው ከዚያ ጀምሮ ነው። «ጸደቀ» የሚለውን ዜና ሰምቶ በማግሥቱ በመስኮት ላይ ክርክር የሚገጥም ባለጉዳይ አለ፤ በተቃራኒው ከታተመ ከወራት በኋላ «ገና አልደረሰንም» የሚል ሠራተኛም አለ። ሐምሌ 2017 መደበኛው የሥራ ዘመን ካለቀ በኋላ የጸደቀውና ከግብር ነፃ የሆነውን ወርኃዊ ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ያሳደገው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሲወጣ፣ ደመወዝተኛው ሁሉ የጠየቀው ከየትኛው ወር ደመወዝ ጀምሮ እንደሆነ ነበር። መልሱ ያለው የአዋጁ የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ነው። እርሱን አንድ መስመር ማተም ከሁለት አባላት ንግግር ይበልጣል።

የምለምናችሁ ሠንጠረዥ ትልቅ አይደለም። በየሳምንቱ ለቋሚ ኮሚቴ የተመራው ረቂቅ ርዕስ፣ የያዘው ኮሚቴ ስም፣ መድረኩ የሚካሄድበት ቀንና አዳራሽ፣ አስተያየት የሚላክበት አድራሻና የመጨረሻው ቀን፣ ረቂቁ የሚነካቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ለጸደቀው ደግሞ የአዋጁ ቁጥር፣ የተገኙት ብዛት፣ ሦስቱ የድምፅ ቁጥሮች፣ ኮሚቴው የለወጣቸው አንቀጾችና የሚጸናበት ቀን። ቦታ ከጠበበ የንግግሩ ጥቅስ ይቀነስ።

ምክር ቤቱ በየዓመቱ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ሠንጠረዡ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቢወጣ፣ ጋዜጣው አንድ ቀን ዘግይቶ ደብረ ብርሃን፣ ሁለት ቀን ዘግይቶ መሐል ሜዳ ቢደርስ እንኳን ሁለት ገጽ ጽፎ ለመላክ ጊዜ ይተርፋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢያችሁ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ